ባሕር ማዶ የተጠራ አስተማሪ

ከአርት ፋኩልቲ ተመርቀው ከሚወጡት ጓደኞቻችን ብዙዎቹ የሚገቡበት ሥራ ማስተማር ነው። ስለዚህ በደሴ ከተማ፣ ፒያሳ ካሉት ሻይ ቤቶች ጥቂት አዳዲስ አስተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ቢነሣ አያስደንቅም። ይኸውም «በውጭ አገር ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ሥራ ቢገኝ ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚለው ነው። አንዱ ወገን የሚሄደውን «አገሩን ረሳ» ይለዋል፤ ሌላው ወገን የሚቀረውን «ዕድሉን ገፋ» ይለዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚፈርዱት ውሉን ሳያነቡ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንድናጠናው ነው።

በቅድሚያ፣ አስተማሪ ከአገር ወደ አገር መሄዱ አዲስ ነገር አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ያስተማሩት ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላም ብዙ የሕንድ አስተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ወደ አገራችን መጥተው ከፊሎቹ ደሴ ተመድበው ነበር። የሰላም ጓዱ አባል ለሁለት ዓመት እንደሚያገለግል፣ ማን እንደሚያኖረውና መቼ እንደሚመለስ ከመነሣቱ በፊት ያውቅ ነበር። የኛስ አስተማሪ ሲሄድ ይህን ያህል ያውቃልን? ቁም ነገሩ ይህ ነው።

1ኛ፤ ስለ ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ1924 በጄኔቭ የተከፈተው ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የተቋቋመው በመንግሥታት ማኅበር ለሚሠሩ ሰዎች ልጆች ነበር። ዛሬ ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ የኢንተርናሽናል ባካሎሬያን ወይም የካምብሪጅን ትምህርት ለመስጠት የተፈቀደላቸው ናቸው። ሌሎቹ አንድ ማኅበረሰብ ለገዛ ልጆቹ ያቋቋማቸው ናቸው፤ ለምሳሌ በሪያድና በጅዳ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለልጆቻቸው ያቆሟቸውን ትምህርት ቤቶች መጥቀስ ይቻላል። ሦስተኛዎቹ ስሙን ለገበያ ብቻ የለጠፉ ናቸው። ባካሎሬያውም ካምብሪጅም የፈቀዱላቸውን ትምህርት ቤቶች ስም ለማንም ጠያቂ ይገልጻሉና፣ አስተማሪው ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም ከዝርዝሩ ይፈልግ።

2ኛ፤ ስለሚጠየቀው።

ዲግሪ ብቻውን በር አይከፍትም። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪ የሚሰጠው ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች የተወሰነ ነው፤ እነርሱም አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እንግሊዝኛውን አሳምሮ የሚያውቅ የወሎ ልጅ በዚህ በር የማይገባው በእውቀቱ ማነስ ሳይሆን በፓስፖርቱ ነው። በቻይና ደግሞ በተለመደው መንገድ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የመጀመሪያ ዲግሪና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። እንግዲህ «በጎብኚ ቪዛ ግባ፤ ኋላ ይስተካከላል» የሚል ደላላ ለአስተማሪው የሚያቀርብለት ሥራ ሳይሆን መያዣ ነው። ያለ ሥራ ፈቃድ የሚያስተምር ሰው ደመወዙ ቢከለከል ወደ ማን ሄዶ ይከሳል?

3ኛ፤ ስለ ውሉ።

ውሉ በትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የክፍለ ጊዜውን ብዛትና የሚያልቅበትን ቀን የሚናገር መሆን አለበት። «አስተማሪ» የሚለው ቃል በውሉ ላይ «ረዳት» ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ብዙ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ሁለት የደመወዝ ደረጃ አላቸው፤ አንዱ ከባሕር ማዶ ለሚቀጠር፣ ሌላው እዚያው አገር ለተገኘ ሰው ነው። ቤት፣ የአውሮፕላን ቲኬትና ሕክምና የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነውና፣ አስተማሪው በየትኛው እንደ ተቀጠረ በጽሑፍ ይጠይቅ። ወጪውንም በሚመለከት፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የሥራ ፈቃድንና የደርሶ መልስ ጉዞን ወጪ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ስለዚህ ለነዚህ ነገሮች ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ መጠርጠር ይገባል።

4ኛ፤ ስለ ሒሳቡ።

የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ሕግ ለምሳሌ እንውሰድ። እዚያ አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን ደመወዝ ይከፈለዋል። ነገር ግን የሚታሰበው በመነሻ ደመወዙ ብቻ ነው። አንድ አስተማሪ በወር 6,000 ድርሃም ቢባል፣ ከዚህም ውስጥ መነሻው 3,000 ቀሪው አበል ቢሆን፣ የቀን ዋጋው 100 ድርሃም ነው። በሁለት ዓመት የሚያገኘው 4,200 ነው እንጂ እርሱ እንደ ገመተው 8,400 አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው በውሉ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው።

የብሩም ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር ለሚከፈለው ይህ ትልቅ ጥቅም ይመስላል፤ ጥቅምም ነው። ዳሩ ግን የሚኖርበት አገር ኪራይና ቀለብ የሚከፈለው በዚያው አገር ገንዘብ ነውና፣ ወደ ብር ሊለወጥ የሚገባው ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ብቻ ነው። በአገር ቤት የሚቋረጠውም አገልግሎት ይታሰብ፤ የመንግሥት ሠራተኛ የዘለቄታ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል አለበት።

5ኛ፤ ስለሚቀረው ክፍል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለሚሄደው ነው። በክፍሉ የሚቀሩትስ? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ጎበዝ አስተማሪ ሲጎድል ከመቶ የሚበልጡ ልጆች ያንን ትምህርት በቅጡ ሳይማሩ ዓመቱ ሊያልፍ ይችላል። ይሁን እንጂ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከደመወዙ ወር የማይደርስለትን ሰው «ቅር» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ኪራዩን መካሪው አይከፍልለትም።

የኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። አዲስ አስተማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአገር ቤት ያስተምር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። ያ ግዴታ ነበር፤ እኔ የምለው ግን ለራሱ ለአስተማሪው ጥቅም ጭምር ነው። ክፍል መግዛትን፣ ፈተና ማውጣትንና የደከመን ልጅ ማንሣትን የሚማረው በነዚህ ዓመታት ነው፤ ደህና የሆነው የውጭ ትምህርት ቤትም የሚጠይቀው ይህንኑ ልምድ ነው። ያለ ልምድ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው እምቢ ያለው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከላይ በተዘረዘሩት ነጥቦች ሁሉ የሚያጠግብ ውል ከመጣለት ይሂድ፤ እኛም በስም ማጥፋት አንሸኘው። ውሉ የሚያልቅበት ቀን የታወቀ ሰው የሚመለስበት ቀን ሊታወቅ ይችላልና። በትምህርት ቢሮዎች ዘንድ ደግሞ አንድ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። አስተማሪው በውጭ የሠራባቸው ዓመታት ሲመለስ እንደ ልምድ ቢቆጠሩለት፣ ከዜሮ ጀምር ከሚባል ይልቅ በተማረው ሊያስተምር ይመጣል። በሩ ለመውጫ ብቻ ከተከፈተ ግን የሚሄደው ይበዛል፤ የሚመለሰው ያንሳል፤ ዕዳውንም የሚከፍሉት ስለ ውሉ ያልተጠየቁት ተማሪዎች ይሆናሉ።