ስለ ወፍ በሽታ፤ በየሕዝቡ ዘንድ ምን ያህል እንደ ተሰራጨና በምን መንገድ እንደሚገባ

ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውና በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለው ደዌ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ስሙም የወጣለት የሌሊት ወፍ በሰው ላይ ሲያልፍ ያስይዛል ከሚል አሳብ ነው። ነገር ግን ደዌው አንድ አይደለም፤ ጉበትን የሚያሳብጡ ልዩ ልዩ ቫይረሶች አሉና ሐኪሞች ሄፓታይተስ ኤ፥ ቢ፥ ሲ፥ ዲ፥ ኢ ብለው በፊደል ለይተው ይጠሯቸዋል። ቢና ሲ በተለይ በደም ሲተላለፉ፥ ኤና ኢ ግን ከታመመው ሰው ዓይነ ምድር ወጥተው በውሃና በምግብ ወደ ጤነኛው አፍ ይገባሉ። ይህ ትምህርት የሚናገረው ኢ ስለሚባለው ነው። መንገዱ የምንጭ፥ የጉድጓድ፥ የመስኖና የሽንት ቤት መንገድ ስለሆነ፥ መከላከሉ ከሐኪሙ ይልቅ በሹሙና በባለ ንብረቱ እጅ ያለ ነገር ነው።

ብዙ ሹማምንት በሽታ መኖሩን የሚያውቁት በሽተኛ በመቁጠር ነው። በዚህ ደዌ ግን እንዲህ ያለው ቆጠራ ያሳስታል። የዓለም ጤና ድርጅት በገመተው መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በሄፓታይተስ ኢ ሲያዙ፥ የሕመም ምልክት የሚታይባቸው 3.3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ናቸው። ይህም ማለት አንድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሲታይ ሌሎች አምስት ሰዎች ሳያውቁት ተይዘው ድነዋል ማለት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች በሽተኛውን ትተው የጤነኛውን ደም ይመረምራሉ፤ በሽታው ካለፈ በኋላ በደም ውስጥ አንቲቦዲ የሚባል ምልክት ለብዙ ጊዜ ይቀራልና።

በዚህ ዓይነት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ የ386 ነፍሰ ጡር ሴቶችን ደም መርምረው ውጤቱን በ2009 ዓ.ም. አሳትመዋል። ይህ ተቋም የሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ዘነበወርቅ፥ በአለርት ሆስፒታል ግቢ ነው። ከሴቶቹ 122ቱ፥ ማለት ከመቶ 31.6፥ የቆየው ምልክት ተገኘባቸው። አዲስ መያዝን የሚያሳየው ምልክት የተገኘባቸው ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ከሦስት ሴቶች አንዲቱ ያህል በሕይወቷ ዘመን በዓይነ ምድር የተበከለ ነገር ጠጥታ ወይም በልታ ነበር ማለት ነው። የቀሩት ከመቶ 68ቱስ ተርፈዋል ያሰኛልን? አያሰኝም፤ ገና ያልተያዙ ናቸውና ውሃው የተበላሸ ዕለት የሚወድቁት እነርሱ ናቸው።

በዚህ ረገድ ኢ ከወንድሙ ከኤ ይለያል። ኤን በኢትዮጵያ አብዛኛው ሕፃን ገና በልጅነቱ ይዞት ቀላል ሕመም ሆኖ ያልፍለታል፤ ኢ ግን ብዙውን ጊዜ ወጣቱንና ጎልማሳውን፥ ማለት የሚያርሰውን፥ የሚዘምተውንና የምትወልደውን ይጠብቃል።

በሌላው ዓለም የተገኘው ቁጥር እንዲሁ ይለያያል። በግብፅ በዓባይ ወንዝ ደልታ መንደሮች በተደረገ ምርመራ ከነፍሰ ጡሮች ከመቶ 84 ያህሉ ምልክቱ ተገኝቶባቸዋል፤ ሆኖም በዚያ አገር የሚሞተው ሰው ጥቂት መሆኑ ተመራማሪዎችን ሲያስደንቅ ይኖራል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይም ደም ከለገሡ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምልክቱ አለባቸው፤ ውሃቸው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ይህን ያመጣባቸው ሳይበስል የሚበላ የአሳማ ጉበትና ሥጋ ነው። ቫይረሱ ልዩ ልዩ ዘር አለውና አንዱና ሁለተኛው ከሰው ወደ ሰው በውሃ ሲሄዱ፥ ሦስተኛውና አራተኛው ከአሳማና ከዱር አውሬ ይመጣሉ። ሰባተኛው ደግሞ በግመል የታወቀ ስለሆነ፥ በቆላው አገር ያሉ ሹማምንት የግመል ወተት ተፈልቶ እንዲጠጣ ቢመክሩ መልካም ነው። እንግዲህ የአንዱን አገር ቁጥር ከሌላው ጋር ብቻውን አስተያይቶ መፍረድ አይገባም። መመርመሪያው መድኃኒት ራሱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ፥ አንዱ ያገኘውን ሌላው ሊስተው ይችላል።

ተሸሽጎ የኖረው በሽታ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ምን እንደሚመስል በኢትዮጵያ ታይቷል። በ1981 ዓ.ም. በሰሜን በነበረ የጦር ሠፈር በመቶ የሚቆጠሩ ወታደሮች ታመው፥ ምክንያቱ ይኸው ቫይረስ መሆኑን ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው መርምረው ጽፈዋል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በጋምቤላ በሠፈሩ ስደተኞች መካከል፥ በሌይችዎር፥ በኩሌና በቲርኪዲ፥ እስከ ጥር 2007 ዓ.ም. ድረስ 1,117 የተጠረጠሩ በሽተኞች ተቆጥረው 21 ሰዎች ሞተዋል። ብዙ ሰው በጥቂት ቦታ ተከማችቶ ሽንት ቤቱ ሲያንስ፥ ጎርፍም ሲጨመርበት ይህ ይመጣል። በትልቅ ከተማም አይቀርም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1955 እስከ 1956 በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂ የፍሳሹ ውሃ ወደ መጠጡ ውሃ መቅጃ ገብቶ 29,000 ያህል ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪወጣ ከሁለት እስከ ዐሥር ሳምንት፥ በብዛትም አርባ ቀን ያህል ይቆያል። ዛሬ የታመመውን ሰው የጎዳው የአርባ ቀን ፊት ውሃ ነው። ስለዚህ በሽተኛ ሲታይ ብቻ ወደ ምንጩ የሚሮጥ ሹም ዘወትር ዘግይቶ ይደርሳል።

በምዕራብ አዲስ አበባ 18 ማዞሪያ አካባቢ እንዳለው ያለ የኮልፌ ሠፈር ለምሳሌ ይበቃል። ባለቤቱ በግቢው ዙሪያ የኪራይ ክፍሎች ሠርቶ፥ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ሽንት ቤት ይጠቀማል። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ውሃ በበርሜልና በጀሪካን ይጠራቀማል። ውሃ በማይመጣበት ቀን ቧንቧው ባዶ ስለሚሆን፥ በተሰነጠቀበት ቦታ በዙሪያው ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውሃው በተለቀቀ ጊዜ መጀመሪያ የሚወርደው ይህ ነውና ማፍሰስ ይገባል። ኪራዩን ለመቀበል አንድ ቀን የማይዘገይ ባለቤት፥ ጉድጓዱ ሲሞላ ለማስመጠጥ ክረምቱን ሙሉ መዘግየቱ አያምርም። የሞላው ጉድጓድ በዝናብ ጊዜ ወደ ጎረቤቱ ግቢና ወደ ወንዙ ይፈሳል።

ወንዙም ለእርሻ የሚያስብ ሰው በተለይ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ትንሿ አቃቂ በገፈርሳ በኩል መጥታ የከተማውን ምዕራብ ሰንጥቃ ወደ አባ ሳሙኤል ስትወርድ የየሠፈሩን ፍሳሽ ትቀበላለች፤ በዳርቻዋም ሰላጣ፥ ቆስጣና ጎመን በውሃዋ ይለማል። ጎመኑና ቆስጣው ስለሚቀቀሉ ጉዳታቸው ያነሰ ነው፤ ሰላጣው ግን በጥሬው ይበላል። ደግሞም ሰላጣ በብዛት የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ሲሆን፥ ያ ወራት በጋው ያለቀበት፥ የወንዙ ውሃ ያነሰበትና ፍሳሹ የበዛበት ነው። አትክልተኛውን ከመሬቱ ማባረር ግን መፍትሔ አይደለም፤ እንጀራው ነውና። በወንዝ ውሃ የሚያለማ ሰው ተቀቅሎ የሚበላውን እንዲዘራ፥ በጥሬው የሚበላውን ግን በንጹሕ ጉድጓድ ውሃ ብቻ እንዲያለማ፥ ቢቻልም ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ እንዲያጠጣ ማድረግ ይቻላል። የሰው ዓይነ ምድር ሳይብላላ በአትክልት ላይ እንዳይበተን መከልከል ነው። በገጠርም የመጠጥ ጉድጓድ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፥ ከላይ በኩል ሊቆፈር ይገባል። የሚጠራጠሩበትን ውሃ አፍልቶ መጠጣት ቫይረሱን ይገድላል።

ደዌው ለአብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንት የሚለቅ ነው። ለነፍሰ ጡር ግን፥ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት፥ ከመቶ ከ20 እስከ 25 የሚደርሱት ሊሞቱ ይችላሉ፤ ፅንሱም አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በአንድ ቀበሌ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ እንደ ተገኘ፥ ሹሙ ወሬውን በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ማድረስ፥ በቀበሌው ያሉት ነፍሰ ጡሮችም ሁሉ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የፈላ ውሃ ብቻ እንዲጠጡ ቤት ለቤት ማስነገር አለበት። ከእነርሱም አንዲቱ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፥ መድኃኒት ዐዋቂ ነኝ የሚል ሰው ክንዷን ሳይተኩስና ቅጠል ሳያጠጣት፥ በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ትላክ። ክትባቱ በቻይና አገር ከተፈቀደ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2014 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ ወረርሽኝን ለመከላከል ለተፈናቃዮች ሲሰጥ ነፍሰ ጡሮችም ተከትበዋል።