የእንሰት ችግኝ የውሃን ማነስ ስለሚያውቅበትና ስለሚቋቋምበት መንገድ

የቸሃ ሕዝብ ዋና ምግቡ እንሰት መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በችግኙ ላይ የሚደርሰውን የውሃ ችግር የየወረዳው ሹማምንትና ባለ እርሻዎች አጥብቀው ሊያውቁት ይገባል።

ማናቸውም ተክል የተሠራው ዓይን ከማያያቸው ሕዋሳት ነው። ሕዋስ በስስ ሽፋን የተከበበ ስለ ሆነ፥ አፈሩ ቢደርቅ ወይም ጨው ቢበዛበት ውሃው ከውስጡ እየተሳበ ይወጣል። ሕዋሱም ይህን ባወቀ ጊዜ ጂን ከሚባለው ከወላጁ ከወረሰው ትእዛዝ የሚያስፈልገውን አስነሥቶ ውሃ የሚይዝለትን ነገር ያዘጋጃል።

ነገሩ በእርሾ ላይ ተመርምሯል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ሆግ አንድ የተባለው ፕሮቲን ሥራ ተገለጠ፤ ይህም ጨው ሲበረታ በጥቂት ደቂቃ ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ ግሊሰሮል የሚያሠሩትን ጂኖች ያነሣሣል። በተክል ደግሞ አብሲሲክ አሲድ የሚባለው መልእክተኛ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያዘጋል፤ ድርቅን የሚቋቋሙትንም ጂኖች ያነሣሣል።

ነገር ግን ቀዳዳው ቶሎ ቢዘጋም የጂኑ ሥራ ሰዓታትና ቀናት ይፈጃል። ድርቁ ቀስ ብሎ ቢመጣ ተክሉ ይሰናዳል፤ በድንገት ቢመጣ ግን ሳይሰናዳ ይጠወልጋል።

ስለዚህ ለገበሬው እንዲህ ተብሎ ይነገር፤ የተነቀለ ችግኝ ሥሩ ለፀሐይ ተገልጦ አይዋል፥ በእርጥብ ቅጠል ይሸፈን። የፋብሪካ ማዳበሪያም በሥሩ ላይ አይከመር፥ እንደ ጨው ውሃውን ይስባልና። እንሰት የሚፋቀው ከዓመታት በኋላ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ችግኙ የሞተበት ቤት የቆጮውን ጉድለት የሚያየው ያን ጊዜ ነው።