ሚዛኑ በአንድ እጅ ሲያዝ፦ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ትርፍን እንዴት ያሸሻሉ?



ስለ ሐላል ገቢ ስንማማር ብዙ ጊዜ የምናነሳው ወለድን፣ ጉቦንና የሱቅ ሚዛንን ነው። ዛሬ የምናየው ግን በወረቀት ላይ የሚያጋድል ሚዛን ነው። ጉዳዩ የአካውንቲንግ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ሆኖም የጤና ጣቢያ መድኃኒትና የትምህርት ቤት ወንበር የሚገዛበት ገንዘብ ስለሆነ ሁላችንንም ይነካል።

አሠራሩ

አንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ በተለያዩ አገሮች እህት ኩባንያዎች አሉት። በሕግ ፊት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ባለቤታቸው ግን አንድ ነው። እርስ በርሳቸው የሚገበያዩበት ዋጋ የማሸጋገሪያ ዋጋ ይባላል። በተራ ገበያ ሻጭ ዋጋው ከፍ፣ ገዢ ደግሞ ዝቅ እንዲል ይከራከራሉ። እዚህ ሁለቱም የአንድ ባለቤት ስለሆኑ የሚከራከር የለም።

በምሳሌ እንየው። አንድ ኩባንያ ማዕድን ለማውጣት 70 ብር ያወጣል፤ የገበያው ዋጋ 100 ብር ነው። በትክክል ቢሸጥ 30 ብር ያተርፋል፤ ግብሩ 30 በመቶ ቢሆን ለአገሩ 9 ብር ይከፍላል። ነገር ግን ግብር 5 በመቶ ብቻ በሆነበት አገር ላለችው እህቱ በ75 ብር ይሸጥላታል። እዚህ የሚታየው ትርፍ 5 ብር፣ ግብሩም 1 ብር ከ50 ይሆናል። እህትየው በ100 ብር ሸጣ 25 ብር ታተርፋለች፤ ግብሯ 1 ብር ከ25 ነው። 9 ብር የነበረው ግብር ወደ 2 ብር ከ75 ወረደ። ማዕድኑ የወጣበት አገር ደግሞ 7 ብር ከ50 አጣ።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። የንግድ ስሙና ምልክቱ ዝቅተኛ ግብር ባለበት አገር ይመዘገብና ሌሎቹ እህቶች በየዓመቱ የስም ኪራይ ይከፍላሉ። ወይም አንዷ ለሌላዋ ታበድርና ወለዱ እንደ ወጪ ተይዞ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል።

በእህት ኩባንያዎች መካከል መገበያየት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው ዋጋው እውነተኛ ነው ወይ የሚለው ነው። በአገራችንም የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ዝምድና ያላቸው ድርጅቶች ግብይት፣ የማይዛመዱ ነጋዴዎች በሚስማሙበት ዋጋ እንዲለካ ያዝዛል።

ከዛምቢያ የምንማረው

ሞፓኒ የተባለው የዛምቢያ የመዳብ ኩባንያ ትልቁ ድርሻ የስዊዘርላንዱ ግሌንኮር ነበር። የዛምቢያ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ሂሳቡን ሲመረምር፣ ሞፓኒ ለግሌንኮር የሚሸጥበት ዋጋ ለሌሎች ገዢዎች ከሚሸጥበት ያነሰ ሆኖ አገኘው። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ ወሰነ፤ ተጨማሪው ግብር 240 ሚሊዮን ክዋቻ ነበር። ሂሳቡ ግን ከ2006 እስከ 2009 ያለው ነው፤ እውነቱ እስኪወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ።

በታቦ እምቤኪ የተመራው የአፍሪካ ከፍተኛ ቡድን በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ከአህጉራችን በሕገ ወጥ መንገድ የሚወጣው ገንዘብ በዓመት ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነና ትልቁም ድርሻ ከንግድ ግብይት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

ሱረቱል ሙጦፊፊን ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው የሚወስዱትን፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን ያስጠነቅቃል። የአንድን አገር መንገድ፣ መብራትና የተማረ ሠራተኛ ሞልቶ ወስዶ፣ መስጠት ሲመጣ የሚያጎድልም ከዚህ ማስጠንቀቂያ የራቀ አይመስለንም።

«ሕጉ ካልከለከለ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። በሱረቱል አዕራፍ ከቁጥር 163 ጀምሮ የተነገረውን የባሕር ዳር ከተማ ታሪክ እናስታውስ። በሰንበት ዓሣ ማጥመድ ተከልክለው ነበር። ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት፣ ዓርብ መረብ ዘርግተው እሑድ ይሰበስቡ ነበር። «በሰንበት አላጠመድንም» ማለት ይችሉ ነበር፤ አላህ ዘንድ ግን ሒላው አላዳናቸውም። በወረቀት የተስተካከለ ሁሉ የተስተካከለ አይደለም። የእያንዳንዱን አሠራር ፍርድ መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ነው፤ የእኛ ድርሻ አሠራሩን ማወቅ ነው።

በዚያች ከተማ ጥፋቱን ሲያዩ የመከሩም ነበሩ፤ የዳኑትም እነሱ ናቸው። ከመካከላችን ነገ ኦዲተር፣ የሕግ አማካሪ፣ የግብር መርማሪ ወይም የኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ የሚሆን አለ። የተሳሳተ ዋጋ ያለበት ወረቀት ፊቱ ሲቀርብ ፊርማው አማና ነው። ያኔ «ይህ ዋጋ ለማይዛመደን ገዢ ቢሆን ይኸው ነበር ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ዕውቀትም ድፍረትም ያስፈልጋል። ዕውቀቱን ከዚሁ ከክፍላችን እንጀምር።

ለሐለቃ መወያያ

1. ከላይ ባለው ምሳሌ የ7 ብር ከ50ው ጉዳት በመጨረሻ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?
2. ሕጋዊ በሆነና ፍትሐዊ በሆነ ነገር መካከል ያለውን ልዩነት ከራሳችን የትምህርት መስክ በምሳሌ እናሳይ።
3. አለቃችን እንድንፈርም ቢያዝዘን ምን እናደርጋለን?

አላህ በሐላሉ የምንብቃቃ፣ ሚዛንን የማናጎድል ያድርገን። አሚን።