የአያቱን ስም አንብቢ

ቆዪ፣ «ክፈል» የሚለውን አትጫኚው። አብረን እንየው። «የ12ኛ ክፍል ውጤት ተለቀቀ፤ ቀድመው ለማየት 200 ብር ይላኩ» ይላል። ፈተናው ካለቀ ጀምሮ እንቅልፍ እንደሌለሽ አውቃለሁ። የላከውም ሰው ያውቃል፤ የላከውም ለዚያ ነው።

መልእክቱን ተይውና ከገጹ በላይ ያለችውን ቀጭን የአድራሻ መስመር አንብቢ። ኢንተርኔት አንድ ባለቤት ያለው ቤት አይደለም፤ እርስ በርስ የተያያዙ ብዙ ኮምፒውተሮች ናቸው። ድረ ገጽ ከነሱ በአንዱ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ስልክሽ በስሙ ጠርቶ ያመጣልሻል። ስሙ ደግሞ እንደኛው ስም ነው፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት።

«ሪዛልት ዶት ኢኤኢኤስ ዶት ኢቲ» የሚለውን ውሰጂ። ሪዛልት ልጁ፣ ኢኤኢኤስ አባቱ፣ ኢቲ አያቱ ነው። ኢኤኢኤስ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ ኢቲ ኢትዮጵያ። አሁን ያንቺን እዪ። ኢኤኢኤስ አለበት፣ እውነትሽን ነው። ግን ከፊት ነው ያለው። ቀጥሎ አንድ የማላውቀው ረጅም ስም አለ፣ ከዚያ ዶት ኮም። ስለዚህ ኢኤኢኤስ እዚህ የልጅ ስም ብቻ ነው፤ ለልጅ ደግሞ ማንም ደስ ያለውን ስም ያወጣል። ከስሙ ቀጥሎ ከምትመጣው የመጀመሪያ እዝባር በፊት ያሉትን የመጨረሻ ስሞች ነው ማየት ያለብሽ። እዚያ ጋ «ጎቭ ዶት ኢቲ» ካለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የትምህርት ሚኒስቴርም የሚጠራው በዚያ ነው።

ዶት ኮም ሁሉ ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም፤ ሪፖርተር ጋዜጣም ዶት ኮም ነው። ግን ዶት ኮም የሚባል ስም ጥቂት ብር ያለው ሰው በደቂቃ ይገዛዋል፤ የቀበሌ መታወቂያ አምጣ የሚለው የለም። የቁልፍ ምልክት ብታዪበትም አትዘናጊ። ቁልፉ የምትጽፊውን በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያነበው ይጠብቃል እንጂ ከማዶ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አይመሰክርም። ሌባም ቤቱን ይቆልፋል።

እኔ ይህን ያወቅኩት ከስሬ ነው። ሥራ በምፈልግበት ጊዜ የአንድ ትልቅ ድርጅት አርማ ያለበት ገጽ አገኘሁ። አማርኛው የተጣራ፣ ፎቶው ያማረ። የመመዝገቢያ ብር ላክሁ፣ የመታወቂያዬንም ፎቶ አያይዤ። በማግሥቱ ገጹ የለም። ብሩን ረስቼዋለሁ። መታወቂያዬ ግን ዛሬም የት እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚሠራበት አላውቅም፤ ሌሊት ትዝ ሲለኝ ይጨንቀኛል። ለዚህ ነው የመለያ ቁጥርሽንና የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርሽን ለማንም አትጻፊ ብዬ የምነዘንዝሽ።

ቀንም እዪ። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዟል፣ ተማሪውም እንደገና ተፈትኗል። የውጭ ዜናዎች ይህንን የጻፉት በፈረንጆቹ 2016 ብለው ነው። ያንን ዜና አንድ ሰው ቆርጦ ቢልክልሽ የኛ 2016 ይመስልሻል። ዜናው ውሸት የለበትም፤ ዓመቱ ብቻ ሌላ ነው። ስለዚህ ቁጥር ስታዪ በማን አቆጣጠር ነው ብለሽ ጠይቂ።

እናታችን እሁድ በሰንበቴ ገበያ ቅቤ ስትገዛ ልብ ብለሽ አይተሻታል? ከቆላም ከደጋም የመጣ ሻጭ ሞልቶ፣ ሁሉም «የኔ ንጹሕ ነው» ይላታል። እሷ በጣቷ ቆንጥራ እጇ ላይ ታሸዋለች፣ ታሸታለች፣ ከዚያ ትታው ወደ ሌላው ትሄዳለች። ተመልሳ የምትገዛው ሦስት አራቱን ካየች በኋላ ነው። አንቺም አንድ ወሬ ስታገኚ ሌላ ቦታ ፈልጊው። አሥር የቴሌግራም ቻናል አንዱን ጽሑፍ ከነፊደል ግድፈቱ ከለጠፈው፣ ያ አሥር ምስክር አይደለም፤ አንድ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ቼክ የሚባል መረጃ አጣሪ አለ፤ የተወራው እውነት መሆን አለመሆኑን እየመረመረ በአማርኛ ይጽፋል፣ እሱንም ተመልከቺ። ጉግል ስትፈልጊ ደግሞ ከላይ የመጣው ሁሉ የተሻለ ሆኖ አይደለም፤ «ስፖንሰርድ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ተከፍሎበት ነው የቀደመው።

በይ አሁን ያንን ገጽ ዝጊው። የእውነተኛውን ገጽ አድራሻ አንቺው ራስሽ በእጅሽ ጻፊ፤ ሰው በላከልሽ ሊንክ አትግቢ። ሪዛልት፣ ዶት፣ ኢኤኢኤስ፣ ዶት፣ ኢቲ። በሱ ለማየት ብር አይከፈልም። ውጤት በወጣ ቀን ሰው ሁሉ ስለሚገባበት ይከብዳል፣ ላይከፍትልሽ ይችላል። አብሽሪ፣ ሌሊት እንሞክረዋለን፤ እኔም አልተኛም።