ጨው፣ ጦስኝና ሳፋ

መዓዛ ያለው የመታጠቢያ ጨው ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ለሚፈልግ ጎንደሬ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «መታጠቢያ ገንዳ አለዎት ወይ?» የሚል ነው። ብዙው ቤት የለውም፤ ግድም አይደለም። ከመንገድ የገባን ሰው እግር በሳፋ ማጠብ የአገር ልማድ ነውና ጨዋችንም እዚያው ሳፋ ውስጥ ይገባል።

ድሮ ወደ ጎንደር ገበያ የሚደርሰው ጨው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ የሚጫነው አሞሌ ነበር፤ እንደ ገንዘብም ያገለግል ነበር። ዛሬ የአፍዴራው ይበዛል። ለዚህ ሥራ ከደቀቀው የወጥ ጨው ሻካራው ይሻላል፤ ዘይት ሲነካው ቶሎ አይላቁጥም። ጨው በእግር በኩል «መርዝ ይስባል» የሚለውን ወሬ ግን እኔ አልቀበለውም። ድካም የሚያቀለው ሙቀቱና መዓዛው ነው፤ ጨው ተሸካሚ ነው።

ተሸካሚነቱም ቢሆን ገደብ አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የዕፅዋት መዓዛ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው። ውሃ አይቀበለውም፣ ስብ ግን ይቀበለዋል። አደስ ለጠጉር ሲፈለግ ከለጋ ቅቤ ጋር የሚታሸው ለዚህ ነው። መዓዛማውን ዘይት በቀጥታ ጨው ላይ ብናንጠባጥብ ጨው የጠጣው ይመስላል እንጂ ላዩን ቀብቶት ነው የሚቀረው። ጨው ሲሟሟ ዘይቱ ሳይቀጥን ውሃው ላይ ይንሳፈፍና ቆዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ከምግብ ዘይት ጋር መቀላቀል አለበት። የሰሊጥ ዘይት ጥሩ ነው፤ ሰሊጡም ከመተማ ቆላ የሚመጣ የቅርብ ሰብል ነው። የኑግ ዘይት የራሱ ሽታ ስላለው ሌላውን ይሸፍናል።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ለሩብ ኪሎ ጨው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በዘይቱ ውስጥ በድምሩ 10 ጠብታ ያህል መዓዛማ ዘይት። የባሕር ዛፍ ወይም የዕጣን ዘይት ይስማማዋል። የጦስኝ ዘይት ከሆነ ግን ከ2 ጠብታ አይለፍ፤ ውስጡ ያለው ቲሞልና ካርቫክሮል ቆዳ ያቃጥላል። ደረቅ ማንኪያ፣ ደረቅ ብልቃጥ፣ ጥብቅ ክዳን፣ ጨለማ ቦታ፤ በቃ።

መዓዛማ ዘይት የሚወጣው አረቄ በሚወጣበት መንገድ ነው፤ እንፋሎቱ ይዞት ይነሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይለያል። ቤት ውስጥ ይህን መሞከር ለጥቂት ጠብታ ሲባል ብዙ ማገዶ መፍጀት ነው። ካልተገኘ ሌላ መላ አለ። በስሜን ደጋ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅለውን ጦስኝ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በትግራይና በስሜን ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረው ጀርመናዊው ሺምፐር በሳይንሳዊ ስሙ የሚታወስበትን፣ በደንብ ማድረቅ ነው። አንድ እፍኙን በአንድ ብርጭቆ የሰሊጥ ዘይት ነክረው ብልቃጡን ሙቅ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ 2 ሰዓት ያህል ያቆዩትና በንጹሕ ጨርቅ ያጥሉት። ሽታው ለስለስ ያለ ነው፤ ለእግርም አያሰጋም። እርጥብ ቅጠል ግን አይግባበት፣ ያበላሸዋል። የዕጣን እንክብል ሳፋ ውስጥ መጣልም ትርፉ ድካም ነው፦ ሙጫው ውሃውን ያነጣዋል፣ ዝፍቱ ሳፋው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ውሃው ልክ እንዲሆን ቴርሞሜትር አያሻም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀድመው ያድርጉና አንድ እጅ የፈላ ይጨምሩበት፤ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ደባርቅ ከፍታው ይብሳል፣ ቀዝቃዛውም ይበልጥ ይቀዘቅዛልና የፈላውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለት ማንኪያ ጨው ይበቃል። በክርን ፈትኖ 15 ደቂቃ መንከር። ስኳር በሽታ ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው ሙቀቱን በእግሩ አይለካ፤ ሐኪሙን ሳይጠይቅም ባይነክር ይሻላል። ቁስል ያለበትም ይቅርበት። የባሕር ዛፍ ዘይት ከሕፃናት አፍንጫ ይራቅ።

ከጓሮ ስለሚገኝ ጤና አዳምን መጨመር የሚያምራቸው አሉ። ቡና ላይ እንደሚጣፍጥ አይደለም፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ውሃ ቋጥሮ ይቃጠላል። ሳፋውን ደፍተው ሲጨርሱ ወለሉን በሳሙና ይጠቡት፣ ዘይቱ ያንሸራትታል።