የሴሮቶኒን ሲንድረም በነርስ እንክብካቤ፦ አስቀድሞ መለየትና ተገቢ ምላሽ መስጠት

እ.ኤ.አ. በ1984 አንዲት የ18 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ በትኩሳትና በመንቀጥቀጥ ኒው ዮርክ ውስጥ ሆስፒታል ገባች። ለድባቴ ፊነልዚን የተባለ መድኃኒት ትወስድ ነበር። ለመንቀጥቀጧ ፔቲዲን ተሰጣት፤ መቁነጥነጧ ሲብስ ከአልጋው ጋር ታሰረች። የሰውነቷ ሙቀት ከ41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ በሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። የሁለቱ መድኃኒቶች መደረብ እስከ ዛሬ የሴሮቶኒን ሲንድረም ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ክስተቱ የሚያሳየው፣ ምልክቱ በትክክል ካልተለየ ለማስታገስ የሚደረገው እርዳታ ራሱ ጉዳቱን ሊያባብስ እንደሚችል ነው።

ሲንድረሙ የሚከሰተው በነርቭ ሥርዓት ውስጥ የሴሮቶኒን ተግባር ከመጠን ሲያልፍ ነው። ምልክቶቹ በአብዛኛው መድኃኒት በተጀመረ፣ መጠኑ በጨመረ ወይም ሌላ በተደረበ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያሉ። በኢትዮጵያም ፍሉኦክሰቲን ለድባቴ፣ ትራማዶልና ፔቲዲን ለሕመም ማስታገሻ፣ ሊንዞሊድ ደግሞ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ይታዘዛሉ። የሚያዙት ክፍሎች ቢለያዩም መድኃኒቶቹን ለታካሚው የሚሰጡት ነርሶች በመሆናቸው፣ መደረቡን ቀድሞ የማየት ዕድል በእጃቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የሃንተር መስፈርት ከሁሉ አብልጦ የሚመለከተው ክሎነስን ነው። የታካሚው እግር ከመርገጫው በኩል በፍጥነት ወደ ላይ ተገፍቶ ሲያዝ ቁርጭምጭሚቱ በተከታታይ ከተርገበገበ ክሎነስ አለ ይባላል። ሴሮቶኒንን የሚጨምር መድኃኒት በወሰደ ታካሚ ላይ ይህ ምልክት ከላብ ወይም ከመቁነጥነጥ ጋር ሲታይ መስፈርቱ ይሟላል። በፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒቶች የሚመጣው ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድረም ግን ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ ያድጋል፤ ጡንቻን ያገትራል፣ ሪፍሌክስንም ያዳክማል።

ሲንድረሙ ሲጠረጠር የመጀመሪያው እርምጃ ቀጣዩን መጠን አቆይቶ ሐኪም ወዲያውኑ መጥራት ነው። የሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ልኬት ይደጋገማል፤ በትእዛዝ መሠረት ኦክስጅንና በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ይሰጣል። መቁነጥነጥ በዳያዜፓም ይረጋጋል እንጂ ታካሚው አይታሰርም፤ ከማሰሪያው ጋር በሚያደርገው ትግል የሰውነቱ ሙቀት ይጨምራልና። ሙቀቱ ከጡንቻ የሚመነጭ ስለሆነ ፓራሲታሞል አይረዳም፤ ገላን ከውጭ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ሳይፕሮሄፕታዲን በሐኪም ሊታዘዝ ይችላል። ሙቀቱ ከ41.1 ዲግሪ ካለፈ ታካሚው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ጡንቻን በሚያላላ መድኃኒትና በመተንፈሻ መሣሪያ መታገዝ ይኖርበታል።

መንስኤው ከተቋረጠ አብዛኛው ታካሚ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሻለዋል፤ እንደ ፍሉኦክሰቲን በሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መድኃኒት ከሆነ ግን ክትትሉ ይራዘማል። ስለሆነም በተረኛ ርክክብ ጊዜ የተቋረጠው መድኃኒት ስምና የመጨረሻው መጠን የተሰጠበት ሰዓት ከክሎነሱ ውጤት ጋር በጽሑፍ መተላለፍ አለበት።