ሌሊቱን ለሚሻገር ቀረጻ ታይምኮድና ዩዘር ቢት አሞላል

ታይምኮድ የእያንዳንዱ ፍሬም አድራሻ ነው፦ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ፣ ፍሬም። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ ከ23:59:59:24 ቀጥሎ 00:00:00:00 ይመጣል። የትንሣኤን ሌሊት በፈረንጅ ሰዓት የቀረጸ ሰው ኤዲቲንግ ላይ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ምስል ከማታው ቀድሞ ይደረደራል።

መፍትሔው የራሳችን ሰዓት አቆጣጠር ነው። የጠዋቱን 12 ሰዓት 00 ብለው ይነሡ፤ የማታው 12 ሰዓት 12 ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ባለው የሌሊት ሰዓት ሁሉ ላይ 12 ይደምሩ። ማታ 2 ሰዓት 14፣ ሌሊት 9 ሰዓት 21 ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ የሚመለሰው ሲነጋ ስለሆነ ሌሊቱ ሳይቆረጥ ያልፋል። 12 መደመሩን ግን አይርሱ፤ ካልደመሩ ቀን 3 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት አንድ አድራሻ ይይዛሉ።

መጀመሪያ ሁሉንም ካሜራ 25 ፍሬም ላይ ያድርጉ። (አሜሪካ ሆነው በ29.97 የሚቀርጹ ድሮፕ ፍሬምን ይምረጡ፤ አለዚያ ቁጥሩ በሰዓት 3.6 ሰከንድ ያህል ከእውነተኛው ሰዓት ወደኋላ ይቀራል።) ቀጥሎ በታይምኮድ ሜኑ ውስጥ ፍሪ ራንን ይምረጡ። ሬክ ራን የሚቆጥረው ሲቀረጽ ብቻ ስለሆነ ለአንድ ካሜራ ይበጃል፤ ካሜራው ሁለት ከሆነ ግን ያለያያል። ከዚያ በፕሪሴት ሰዓቱን በአንዱ ካሜራ ላይ ይሙሉ። የዚህን ካሜራ ቲሲ አውት ከሌላው ቲሲ ኢን ጋር በኬብል ያገናኙ፤ ቁጥሮቹ እኩል ሲሆኑ ይንቀሉት። የካሜራዎች የውስጥ ሰዓት ቀስ በቀስ ስለሚለያይ በየእረፍቱና ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ደግመው ያመሳክሩ።

አሁን ሁሉም ካሜራ አንድ ቁጥር ይዟል። የትኛው ምስል የየትኛው ካሜራ እንደሆነ የሚለየው ዩዘር ቢት ነው። ታይምኮድ በድምፅ ትራክ መልክ ሲጻፍ ለእያንዳንዱ ፍሬም ከሚይዘው 80 ቢት 32ቱ ለእርስዎ የተተወ ነው፤ ይህም 8 ሳጥን ይሆናል። እያንዳንዱ ሳጥን ከ0 እስከ 9 ያለ ቁጥር ወይም ከኤ እስከ ኤፍ ያለ የላቲን ፊደል ይቀበላል። እኔ የምመክረው ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ የካሜራ ቁጥር ነው፤ 11 08 17 02 ማለት ሚያዝያ 11 ቀን 2017፣ ሁለተኛው ካሜራ። በእጅ ሲሞላ ካሜራው ቁጥሩን እንደ ቀን ስለማይቆጥረው ጳጉሜንም 13 ብለው ቢጽፉ ይቀበላል። ኬብሉ የሌላውን ካሜራ ዩዘር ቢት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከነቀሉ በኋላ ይሙሉት። እኩለ ሌሊት ሲያልፍም አይቀይሩት፤ ሥራው የአንድ ሌሊት ነው።

ዩዘር ቢትን የማያሳይ የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ስላለ፣ ካርዱን ሲገለብጡ ፎልደሩንም በዚያው ቁጥር ይሰይሙ።

ሥራው ሳይጀመር ሁሉንም ካሜራ ወደ አንድ ሰው አዙረው አንዴ ያስጨብጭቡት። ጭብጨባው በየካሜራው በስንተኛው ፍሬም ላይ እንደወደቀ ያስተያዩ፤ ልዩነቱ ከአንድ ፍሬም ካለፈ ኬብሉን መልሰው ይሰኩ።